ቆጠራው የዘለላቸው እጆች

በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከስሙ በፊት የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነበር። አባቴ የቢቸና ሰው ናቸው፣ ዘር ቆጠራ የሚያውቁ። ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ከራሳቸው ይጀምሩና አንዴ በእናት፣ አንዴ በአባት እየታጠፉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ሳይደርሱ አያርፉም። ጨዋታ አልነበረም። በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው በቆጠራ ነበር፤ በወንድም ይሁን በሴት መስመር ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ድርሻውን መጠየቅ ይችላል። ብልህ ተሟጋች ታዲያ የሚጠቅመውን መስመር መርጦ ይቆጥራል፤ የማይጠቅመውን ዘሎ ያልፋል።

ርስት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ነው፤ እኔ አልተወለድኩም ነበር። ቆጠራው ግን አልቀረም። መሬት ማስገኘቱን ሲያቆም ኩራት ማስገኘቱን ቀጠለ። እኛ የእገሌ ዘር ነን፤ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው ደግሞ «ጠይብ» ናቸው። እንስራዋ ከገበያ ተገዝታ ቤታችን ትገባለች፤ የሠራቻት ሴት ግን ከደጅ አታልፍም። «ቡዳ» የሚለው ቃል ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ እናቴ ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፈን ስታደርገው ሁላችንም ይገባናል። ይህን የምጽፈው እናቴን ለማማት አይደለም። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው፤ ዲግሪ ይዤም ስሜቱ አብሮኝ ደጀን መጣ።

ደጀን ታሪክ አስተምራለሁ። የ9ኛ ክፍል ትምህርት ገና ከመነሻው የሰው ልጅን አመጣጥ ያነሣል። ከተማሪዎቼ መካከል ዲያቆናት አይጠፉምና አዳም በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ይመጣል። እሱን ፈርቼ አላውቅም። እምነታቸውን እንደማልነካ፣ የማስተምረው አጥኚዎች ምን አግኝተው ምን እንዳሉ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ እንግባባለን። እኔን የሚያስደስተኝ ሌላው ጥያቄ ነው፦ «መምህር፣ የእኛ ገደል ይህን ያህል ጥልቅ ሆኖ ድንቅነሽ ለምን አፋር ተገኘች?»

ከከተማው አፋፍ ቆሞ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ላየ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ድንጋዩ ላይ አለ። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ከሥሩ ያለውን የኖራ ድንጋይ ደግሞ በዳይኖሰር ዘመን እዚህ ተኝቶ የነበረ ባሕር ነው የተወው፤ የዛጎል ቅሪት ይገኝበታል። ዓባይ የቆረጠው ሰው ከመኖሩ እጅግ አስቀድሞ የጠጠረ አለት ነው። አፋር ግን እየሰመጠ የሚሄድ ምድር ነው። ሐይቁና ወንዙ አጥንቱን በደለል ይቀብሩታል፤ እሳተ ገሞራ በየጊዜው አመድ ይነሰንስበታል፤ የዚያ አመድ ዕድሜ ይለካል። በኋላ መሬቱ ሲሰነጠቅና ጎርፍ ሲያጥበው አጥንቱ ብቅ ይላል።

ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከመሬት አዋጁ ልክ መቶ ቀን ቀድማ። ዘር ቆጥሮ መሬት መውሰድ በቀረበት ዓመት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ የሚያስቆጥር አጥንት ወጣ። መገጣጠሙን ሳውቅ የአባቴ ልጅ ነኝና ደስ አለኝ። እኔም መቁጠር ያዝኩ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ያገኘላት አርዲ፣ 4.4 ሚሊዮን። የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ሰላም፣ 3.3 ሚሊዮን። የኦሞ ኪቢሽ ሰዎች፣ ቢያንስ 233 ሺህ። የሄርቶዎቹ፣ 160 ሺህ። ሰሌዳው ላይ ስጽፋቸው ድምፄ ከፍ ይል ነበር። «ምድረ ቀደምት» የሚለው የቱሪዝም መፈክር ሲመጣማ ርስታችን በአዋጅ የተመለሰልን መሰለኝ፤ አቅኚው አባት እኛ ዘንድ ነዋ! የአባቴ ሕግ ግን ለዚህ ኩራት አይመችም። በዚያ ሕግ አገር ጥሎ የሄደ ርስቱን አያጣም። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ከአፍሪካ የወጡት ልጆችም ወራሾች ናቸው፤ ገደሉ ግርጌ የሕዳሴን ድልድይ የሠሩት ጃፓኖች ቢሟገቱ ከእኔ እኩል ይፈረድላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ አጥንት ይልቅ ቆጠራዬን ያናጋው ድንጋይ ነው። ከሐዳር ብዙም በማይርቀው ጎና ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ፣ ጽሕፈት እስኪመጣ ድረስ፣ በአብዛኛው የሚነበበው ሰው በእጁ ከሠራው ነገር ነው። አጥንት ብርቅ ነው፤ ስንጣሪ ድንጋይ ግን ሞልቷል። ዘመኑን እንኳ የምንከፍለው በመሣሪያው ነው፦ ድንጋይ፣ ነሐስ፣ ብረት። ጠራቢ፣ አንጣሪ፣ ቀጥቃጭ። እኔ ባልጩት ለመጥረብ ሞክሬ አውራ ጣቴን አቆሰልኩ፤ ድንጋዩም ፍርክስክስ አለ። የሚመታበትን ቦታና ማዕዘን የሚያሳይ አስተማሪ ይፈልጋል።

አባቴን ጠየቅኋቸው። «እነዚህ የሚቆጥሯቸው አባቶች በእጃቸው ምን ይሠሩ ነበር?»

«ምን ይሠራሉ? ያርሳሉ እንጂ!»

«ማረሻውን ማን ይሠራላቸው ነበር?»

«ቀጥቃጩ ነዋ።»

«ስሙ ማን ነበር?»

አባቴ አሥራ አንድ ትውልድ ሳይሳሳቱ የሚወርዱ ሰው ናቸው። ያንን ስም አያውቁትም። በጥያቄዬም ተቆጡ፤ እኔም ነገሩን አላራዘምኩትም።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ሳዘጋጅ ዓይኔ ሌላ ነገር ይፈልጋል። በመተማ በኩል የሽንፋ ወንዝ አለ፤ ውኃው መጨረሻ ላይ ከዓባይ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንደሚለው ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ በወንዙ ዳር ሰዎች ሰፍረው ነበር። በጋው ሲከፋና ወንዙ ደርቆ ኩሬ ብቻ ሲቀር ዓሣ መብላት አበዙ። ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎችም ተገኝተዋል፤ አጥኚዎቹ የቀስት ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ክፉውን ዘመን ከኩሬ ዓሣ እያወጡ አሳለፉት። እኛ ደግሞ የጣና ዳር ወይጦዎችን ጉማሬ በላችሁ ብለን ስንጠየፋቸው ኖረናል። የጥንቱን የድንጋይ መፋቂያ ለመረዳት ከአሜሪካ ድረስ የመጡ ተመራማሪዎች ሄደው የተማሩት ከኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶች ነው፤ እኔ ፋቂ ከተቀመጠበት ወንበር ላይ መቀመጥ ይከብደኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎናን ሳስረዳ እናቷ ሸክላ የምትሸጥ ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እነዚህ ድንጋይ የሚጠርቡት ሰዎች ጨዋ ናቸው ወይስ ጠይብ?» ክፍሉ ሣቀ። እሷ አልሣቀችም። በዚያ ዘመን ድንጋይ መጥረብ የማይችል ሰው ሥጋ መቁረጥ አይችልም አልኳት። ጨዋና ጠይብ ለመባባል ጎተራ ያስፈልጋል፤ አንዱ አርሶ የሚያተርፈው፣ ሌላው በእጁ ሥራ የሚለውጠው እህል። ሸክላ ራሱ ከእርሻ ይቀድማል፤ በቻይና ዋሻ ውስጥ 20 ሺህ ዓመት የሆነው ተገኝቷል። «ስለዚህ ገበሬ ሳይኖር ሸክላ ሠሪዋ ነበረች» አልኳት። ሴት መሆኗን የነገረኝ የለም። በአፌ መጣና ተናገርኩት፤ ማረምም አልፈለግሁም። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ርስትን በአንድ ቀን ሻረ፤ ይህንን ግን እስካሁን አልቻለውም። ከራሴ አውቀዋለሁ። ያንን ትምህርት ካስተማርኩ በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ አደረ። ሊነጋጋ ሲል አጠገቡ ቁጭ ብዬ የማስበው ትናንት ገበያ ላይ ማን እንዳየው ነበር። ሸክላ ተራውን በዓይነ ኅሊናዬ እየዞርኩ፣ እያንዳንዷን ሴት እያነሣሁ ስጥል ራሴን አገኘሁት። ለእህቴ አልነገርኳትም። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ወባ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከአጎቱ ጋር ዓባይ በረሃ ወርዶ ነበር።