ሽጉጥ የሌላቸው ተኳሾች

እኛ ደህና ነን… ቀኝ ትከሻችንን ሳይጨምር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ነን፣ ሦስታችንም ከሚሴ ተወልደን ያደግን። አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ (ይህን የምትጽፈው እሷ ናት፤ ግን "እኛ" ማለት ይቀላታል)፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ደግሞ ከእናቷ ጋር ጨርቅ የምትሸጥ። ከሁለት ወር በፊት የሽጉጥ ተኩስ ስፖርት ጀመርን። ሽጉጥ ግን የለንም። አትሳቁ፣ እንነግራችኋለን።

መነሻው እንደ ሁሉም ነገር ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ያን ቱርካዊ፣ ዩሱፍ ዲኬችን፣ መቼም አይታችሁታል። የ51 ዓመት ጎልማሳ፣ ቲሸርት ለብሶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ የሚተኩሰው። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር ከአንዲት ያገሩ ልጅ ጋር ብር አገኘ። ስሙ ዩሱፍ ስለሆነ እኛ ሰፈር ዘመድ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸው! እኛን የያዘችን ግን በዚያው ኦሊምፒክ በሴቶቹ ውድድር ብር ያገኘችው ኮሪያዊት ኪም ዬጂ ናት። ትቆማለች፣ ትተኩሳለች፣ ፊቷ ላይ ግን ምንም የለም። "ሴት ልጅ እንዲህ ተረጋግታ ስትተኩስ አይተን እናውቃለን?" ተባባልን። አናውቅም።

ተኩስን ግን እናውቀዋለን። በእኛ አገር ጠመንጃ የወንድ ልጅ ጌጥ ነው፤ ሠርግ ላይ ይተኮሳል። ሌላም ተኩስ አለ። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በዞናችንና በጎረቤቶቻችን የሆነው፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ፣ ኅዳር ማብቂያ ላይ ሲወጣ የሰማነው… የአንዳችን እናት (ለሦስታችንም እማዬ ናት) ከዚያ ወዲህ ተኩስ ስትሰማ መጀመሪያ የምታደርገው መቁጠር ነው። ትቆጥርና "ይሄ የሠርግ ነው" ትላለች። ወይም ዝም ትላለች። ዝም ስትል ተነስተን በሩን እንዘጋለን።

እንግዲህ ለዚች እናት ነው "ተኩስ ልንማር ነው" ያልናት!

"ተኩስ ጠፍቶ ነው ደግሞ እናንተ የምትጨምሩበት?" አለችን። መልስ አልነበረንም።

የመጀመሪያ ሙከራችን ደሴ ነበር፣ በአረፋ ማግስት። በአየር ጠመንጃ ፊኛ የሚያስመታ ልጅ አገኘንና ከፍለን ተሰለፍን። ሦስት ሦስት ተኮስን፤ ዘጠኙም ሳተ። ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ "እህቴ፣ ፊኛውን አትዪው፤ የአፈሙዙን ጫፍ እዪ። ቃታውንም አትንጠቂው፣ ቀስ ብለሽ ጭመቂው" አለ። በአስረኛዋ (መርቆልን ነው) አንድ ቢጫ ፊኛ ፈነዳ። በኋላ ስናነብ የኦሊምፒክ ተኳሾችም የሚማሩት ያንኑ ነው። ዓይን የሚያርፈው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለችው ማነጣጠሪያ ነው፤ ኢላማው ይደበዝዛል፣ ይደብዝዝ።

ሕጉንም አየነው። ከኢላማው እስከ ተኳሹ 10 ሜትር ነው። ጥይቷ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት። ሽጉጡ በአንድ እጅ ብቻ ይያዛል። ስልሳ ተኩስ በ75 ደቂቃ። አስር ነጥብ የምታሰጠው መሀለኛዋ ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ ከሸሚዝ ቁልፍ እምብዛም አትበልጥም! ሴቶች በዚህ ውድድር ኦሊምፒክ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኦል ላይ ነው። ያኔ 40 ነበር የሚተኩሱት፤ ከ2018 ወዲህ ግን እንደ ወንዶቹ 60 ሆኗል።

ጥሩ፤ ግን በምን እንለማመድ? ከተማችን ውስጥ የሚያስተምረን ክለብ አላገኘንም። ሽጉጥ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ክልክል ነው። ባይከለከልስ ማን እማዬ ቤት ይዞ ይገባል?

መፍትሔው ሃይላንድ ሆነ። የውድድር ሽጉጥ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሲሞላም ያው አንድ ኪሎ! በጨርቅ ነጋዴዋ ሜትር ግቢያችንን ለክተን፣ ግንቡ ላይ በዓይናችን ትክክል በከሰል ነጥብ አደረግን። ጎን ለጎን ቆመን፣ እግራችንን በትከሻችን ልክ ከፍተን፣ ግራ እጃችንን ኪስ ከትተን (የዩሱፍ ኪስ ለካ ለፉከራ አይደለም፤ ሥራ የሌለው እጅ እንዳይወዛወዝ ነው) ሃይላንዱን ወደ ነጥቡ እንዘረጋለን። ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ ግማሹን ወደ ውጭ፣ ከዚያ ጸጥ። እስከ አስር እንቆጥራለን፣ እናወርዳለን፣ አንድ ደቂቃ እናርፋለን። ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ቀን እጃችን እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። አፈርን። ግን የማንም እጅ ፈጽሞ ቀጥ አይልም፤ የዓለም ሻምፒዮንም እጅ ይወዛወዛል። እጅ እስኪቆም የሚጠብቅ ጀማሪ፣ ነጥቡ ላይ ያለፈ ሲመስለው "አሁን!" ብሎ ቃታውን ይነጥቃል፤ ያን ጊዜ ይስታል። ልምድ ያለው ግን ውዝዋዜውን ችሎ ቀስ ብሎ ይጨምቃል። ካልሆነለትም ያወርዳል።

እኛን የገረመን ይሄ ማውረድ ነው። ስምንት፣ አስር ሰከንድ አለፈ፣ ልብህ አልረጋም፣ ዓይንህ ደከመ? አትተኩስም። ታወርዳለህ፣ ተንፍሰህ እንደገና ትጀምራለህ። ማንም ፈሪ አይልህም። እንዲያውም ማውረድ ያልቻለ ተኳሽ ነጥብ ያጣል። አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፣ ጣት ሳያነጣጥሩ ቃታ ላይ አያርፍም፣ መሣሪያ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ይቆጠራል። የአየር ሽጉጥም ቢሆን ዓይን ያጠፋል። እኛ ባደግንበት ከተማ ስለ ጠመንጃ ስንት ፉከራ ሰምተናል፤ ስለ ማውረድ ግን አንድም ቀን የነገረን የለም።

(እግረ መንገዳችንን፦ ቤታችሁ እውነተኛ ሽጉጥ ካለ ይህን በእሱ እንዳትሞክሩት። ሃይላንድ ሞልቷል!)

ይህንን ለእማዬ አስረዳናት። ሰምታ ዝም አለች። ያ የምንፈራው ዝምታ መስሎን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አመሻሽ ላይ በርጩማዋን ይዛ ደጅ መቀመጥ አመጣች። ሰሞኑን ደግሞ ትከሻችንን እያሸን ስንገባ፣

"ዛሬ ስንቴ አወረዳችሁ?" አለችን።

"ሠላሳ" አልናት።

"ጎሽ" ብላ ሃይላንዱን ከእጃችን ተቀበለችና በውኃው ለመግሪብ ውዱእ አደረገች። በማግስቱ ሞልታ በር ላይ አስቀምጣልን አገኘነው።

ሽጉጡ? አንድ ቀን ክለብ ይኖራል፤ እስከዚያው ትከሻ እየሠራን ነው።

ቸር እንሰንብት!