አምስት ትንንሽ ልቦች

ቁማር የሚለው ቃል በአማርኛችን ጥሩ ጎረቤት ኖሮት አያውቅም። ሰው ስለ ቁማርተኛ ሲያወራ የተሸጠ ቤት፣ የፈረሰ ትዳርና ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ አስከትሎ ነው። በዚህ አልከራከርም። እኔ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ እሷም ወሰን ትባላለች።

ሐዋሳ፣ ኮረም ሰፈር አካባቢ፣ ቅዳሜ ማታ ማታ አራት ሆነን ካርታ እንጫወታለን። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንዱ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። ሌላው የሰው ባጃጅ እየነዳ ማታ ለባለቤቱ ገቢ የሚያስገባ ወጣት ነው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ጽሑፍ ሸጬ የማድር። ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣ ይጠበሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ ካርታው ይበወዛል። ድሮ ኮንከር ነበር የምንጫወተው። ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት ያስተማሩን ጋሼ ናቸው፤ እሳቸውም የተማሩት ከመጽሐፍ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ለያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል። ከዚያ መሐል ላይ አምስት ካርታ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት ባንዴ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ካርታው እንደታደለና ከየመገለጡ በኋላ ገንዘብ ይጣላል። ከሰባቱ ካርታ ምርጥ አምስት የሠራ ይበላል። አምስቱም አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ፍላሽ ይባላል፤ ሁለት ባለፍላሾች ከተገናኙ ትልቁን ካርታ የያዘው ያሸንፋል።

ጨዋታው የአሜሪካ ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሮብስታውን የምትባለውን ትንሽ ከተማ የትውልድ ቦታው አድርጎ አውቆላታል። በቴሌቪዥን የሚታየው ወሰን የለውም፤ ሰውየው ያለውን ሁሉ ወደ መሐል ገፍቶ “ይኸው!” ይላል። ጋሼ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የሚጣለው 5 ብር፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች 10 ብር ነው፤ በአንድ ዙር ቢበዛ አራት ጊዜ። ደምሩት፤ በአንድ ጨዋታ ማንም ሰው ከ120 ብር በላይ ሊያጣ አይችልም።

አንድ ቅዳሜ የልብ ምልክት ያለባቸው 6 እና 7 ደረሱኝ። አራታችንም 5፣ 5 ብር ጣልን። መሐል ላይ ሦስቱ ተገለጡ፤ 2፣ 9 እና ንግሥት። ሦስቱም ልብ ናቸው። ገና ከጅምሩ አምስት ልብ ሞላልኝ ማለት ነው። ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሁለት ካርታዎች ለያዘ ሰው እንኳ ይህ የሚገጥመው ከ119 ጊዜ አንዴ ያህል ነው።

ችግሩ ልቦቼ ትንንሽ መሆናቸው ነው። ከ7 የምትበልጥ አንዲት ልብ የያዘ ሰው፣ መሐል ላይ አራተኛ ልብ ከወጣች፣ ይቀድመኛል። ትንሽ ፍላሽ የያዘ ሰው ማለዳ ሐይቁ ዳር ዓሣ አውጥቶ ያስቀመጠ አጥማጅን ይመስላል። ዓሣው ለጊዜው የሱ ነው፤ አባ ኮዳዎቹ ግን ዙሪያውን ቆመው ያዩታል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ትልቅ ፍላሽ የያዘ ሰው ዝም ብሎ ሊያደፍጥ ይችላል። ባለትንሹ ግን ማድፈጥ አያዋጣውም። ጋሼ “በነጻ ካርታ አታሳይ” ይላሉ፤ ተስፋ ያለው ሰው ለተስፋው ይክፈል ማለታቸው ነው። 5 ብር ጣልኩ። ጋሼና ባለፋርማሲው ካርታቸውን አስቀመጡ። ባለባጃጁ ከፈለ። ሦስቱ ልቦች እንደተገለጡ የተሸፈነ ካርታውን ቀና አድርጎ ሲያይ ልብ ብየዋለሁ። ሁለት ልብ የያዘ ሰው አይረሳም፤ ደግሞ የሚያየው አንድ ብቻ ያለው፣ የትኛው እንደሆነ የጠፋበት ነው።

አራተኛው ካርታ ጥቁር 3 ሆነ። 10 ብር ጣልኩ። መሐል ላይ 40 ብር ሆነ፤ ለመቀጠል 10 መክፈል አለበት። እሱ ግን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና የታጠፈ ብር አወጣ።

“ወሰኑን እናንሳው፤ 500 ብር አለኝ” አለ።

ያ 500 ብር የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የዕለቱ ገቢ ነው።

እስቲ እንቁጠር። በኋላ እንዳየነው የያዘው የልብ አስና ጥቁር ንጉሥ ነበር። የኔንና የሱን፣ የተገለጡትንም ስናወጣ 44 ካርታ ይቀራል፤ እሱን የሚያድነው 7ቱ ብቻ ነው። በ10 ብሩ ወሰን፣ 40 ብር ለማግኘት ብሎ 10 ቢከፍል፣ ስህተቱ በአማካይ 2 ብር ያህል ያስከፍለዋል። ወሰኑ ተነሥቶ እኔ 500 ብር ብጥልና ቢከተለኝ ግን፣ ያው ስህተት በአማካይ 336 ብር ያስከፍለዋል። ሰውየውም፣ ካርታውም፣ ተስፋውም ያው ናቸው። የተለወጠው ወሰኑ ብቻ ነው። እናም ልብ በሉ፤ ወሰኑ ቢነሣ የምጠቀመው እኔ ነበርኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። “ይህ ቤት ወሰን አለው። የሌለበት ቤት ካማረህ በሩ ክፍት ነው፤ ብሩን ግን እኔ ጋ አስቀምጠህ ሂድ” አሉት።

“10 ብር ነው” አልኩት እኔም።

ከፈለ። የመጨረሻው ካርታ ተገለጠ፤ የልብ 4! አሁን እሱ 10 ብር ጣለ። መሐል ላይ 60 ብር ተቀምጦ ለ10 ብር ብሎ መሸሽ አያዋጣምና ከፈልኩ። አሱን አሳየኝ። 30 ብሬ ሄደ።

“አያችሁ? ወሰኑ ቢነሣ ኖሮ 500 ብር በልቼህ ነበር!” አለ። ከመናኸሪያ እስከ ፍቅር ሐይቅ ለጫነው ሰው ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያወራ ከረመ። እውነቱን ነው፤ በልቶኝ ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው እውነት ነው። ቤታቸውን በካርታ ካጡት መካከል ብዙዎቹ፣ መጀመሪያ አንድ ማታ እንዲህ ያለች ልብ የወጣችላቸው ይመስለኛል። የሚሳሳት ሰው ወዲያው ቢቀጣ ኖሮ ቁማር ማንንም ባላሳተ ነበር። ከ44 ሰባት ጊዜ ስህተት ይሸለማል፤ ተሸላሚውም የሚያስታውሰው ሽልማቱን እንጂ 37ቱን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት ባለወሰን ሆልደም በኮምፒዩተር መፈታቱን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አስታውቀዋል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጫወተው ከፍጹም ጨዋታ የማይለየው ፕሮግራም ነው የሠሩት። ወሰን ያለው ነገር ውሎ አድሮ መጨረሻው ይታወቃል። ግን ያ ማሽን እንኳ በአንድ ጨዋታ አራተኛዋ ልብ እንዳትወጣ ሊያደርግ አይችልም፤ ማታ የሚያስገባው ገቢም የለበትም።

ጋሼ ስሌቱን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ለልጁ አሳዩት። አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አላመነም። ሰው በዓይኑ ያየውን በቁጥር አይክድም። ስለዚህ ልጁን የጠበቀው የኔ ሒሳብም የጋሼ ምክርም አልነበረም፤ ማንም እንዲያምንበት የማይጠይቅ አንድ ደንብ ነው። ደንቡ እኔን ትርፍ ከልክሎኛል። ጥሩ ወሰን ምናልባት የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ሒሳቡ የተሳካለትን ሰውም ያግዳል።

ልጁ ያን ማታ ገቢውን ሳይጎድል አስገብቷል፤ 40 ብርም ተርፎታል።