ከቧንቧው ማዶ፦ አንድ ቅዳሜ በካኩማ

ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ አንድ ጉዞ ነው። ጉዞ ስንል ታዲያ ሪሴትልመንት ደርሶን፣ የአይ ኦ ኤም ከረጢት አንጠልጥለን የበረርንበት እንዳይመስላችሁ። ከካኩማ 1 ተነሥተን ካኩማ 4 ደርሰን ተመለስን፤ ይኸው ነው። ይቺን ታህል መንገድ ለመሄድ ግን ስንት ዓመት እንደፈጀብን ስትሰሙ ትስቁብን ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልጆቻችን በምንሰጠው የአማርኛ ትምህርት ላይ ነው። እኛ ሦስት መምህራን ነን፤ ሦስታችንም አገር ቤት ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የወጣን፣ አርባን የተሻገርን፣ እዚህም በኢንሴንቲቭ የምናስተምር። ኮሌጅ ሳለን ካስጠኑን ነገሮች አንዱ «ትምህርት ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ይሄዳል» የሚል ነበር። በዚሁ መሠረት ልጆቹን «በሉ የከተማችሁን ካርታ ሣሉ» አልናቸው።

አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፒያሳን ሣለች። ጊዮርጊስ አለ፤ የምኒልክ ሐውልት ከነፈረሱ አለ፤ ኬክ ቤት ሳይቀር አለ። ልጅቷ የተወለደችው እዚሁ ካኩማ ነው፤ አዲስ አበባን በዓይኗ አይታ አታውቅም። የሣለችው እናቷ ማታ ማታ የምትነግራትን ነው። እናትየው የምታውቃት ፒያሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ብዙው ሰፈሯ ፈርሷል። እንግዲህ ልጅቷ ያላየችውን ብቻ ሳይሆን፣ አሁን የሌለውንም ነው የሣለችው።

«ጎሽ! የካኩማስ?» ስንላት አራት ነገር አስቀመጠች፤ ቤታቸውን፣ ቧንቧውን፣ ትምህርት ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን። የቀረው ወረቀት ባዶ ነው። እርሳሷን ባዶው ላይ አሳርፋ፣ «ቲቸር፣ ከቧንቧው ማዶ ምንድን ነው ያለው?» አለችን።

እርስ በርስ ተያየን። ከሦስታችን ትንሽ የቆየው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብዙ የቆየው አሥራ ሰባት። ግን እኛም ከቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከገበያና ከራሽን ማደያ ሌላ የምናውቀው አልነበረም። ወደ ሎድዋር ወይም ወደ ናይሮቢ ለመውጣት ፈቃድ ስለሚያስፈልገን ሁልጊዜ «ታስረናል» እንላለን፤ እውነታችንንም ነው። ወደ ካኩማ 4 ለመሄድ ግን ማን ከለከለን? ማንም። «ዛሬ ነገ እንሄዳለን» እያልን ስለኖርን ካኩማን አጥንቶ ማወቅ እዚሁ ለመቅረት እንደ መፈረም መስሎን ነው። እስቲ ልብ በሉ፤ ልጆቻችን ግን እዚህ ተወልደው ፊደል ቆጥረዋል።

ቅዳሜ ለመሄድ ተቀጣጠርን። የመጀመሪያው ጥፋት የተፈጸመው ከመነሣታችን በፊት ነው። ለምናውቀው የቦዳ ቦዳ ልጅ በስልክ «1:00 ና» ብለን ጽፈንለት ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውኃና ዳቦ ይዘን፣ የሒሳቡ መምህር ደግሞ ደብተርና ማስመሪያ ይዞ ብንጠብቅ ብንጠብቅ ልጁ የለም። ስንደውልለት ከእንቅልፉ ነቅቶ «ከምሳ በኋላ አይደል እንዴ ያላችሁኝ?» አለን። ይህን ያህል ዘመን ኬንያ ኖረን፣ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር ልክ እንደኛው ከጠዋት የሚጀምር መሆኑን እያወቅን፣ «ሳ ሞጃ» ብንለው ኖሮ በአንድ ሰዓት ከች ይል ነበር! በቁጥር ስንጽፍለት ግን የፈረንጅ ሰዓት አድርጎ አነበበው። «በእግራችን ምን ሆነን!» ብለን ተነሣን።

ካኩማ 1ን ማለፍ ቀላል ነበር፤ ሰፈራችን ነውና። ካምፑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ የኛ ሰዎች ከዋልዳ ካምፕ ወደዚህ የተዛወሩት በማግስቱ በ1993 ነው። የቀደሙት የተከሏቸው ዛፎች ዛሬ ጥላቸው ለመንገደኛ ይተርፋል። ካኩማ 2ን አልፈን ወደ ካኩማ 3 ስንዘልቅ ግን ጥላው እየሳሳ፣ ፀሐዩ እየበረታ፣ የሰላምታው ቋንቋም በየመቶ እርምጃው እየተለወጠ ሄደ። በአንድ በኩል ሶማሌዎች አንጄሮ ይጋግራሉ፤ ሽታው የእናት ቤት ሽታ ነው። በሌላ በኩል ኮንጎዎች በኪተንጌ ጨርቅ ልብስ ይሰፋሉ። የማናውቀው ሕፃን ሁሉ እየሮጠ «ሙዋሊሙ! ሙዋሊሙ!» ይለናል። መምህር መሆናችን በምን እንደታወቀ እንጃ፤ የሒሳቡ መምህር በማስመሪያዬ ነው ባይ ነው።

እዚያው ካኩማ 3 ከመካከላችን የአንዱ ጫማ ተበጠሰ። ፕሮሶፒስ የሚሉት ክፉ እሾህ ጫማ ላላደረገ የሚምር አይደለምና፣ ጓደኛችን በአንድ እግሩ እያነከሰ አንድ ቡሩንዲያዊ ጫማ ሰፊ ዘንድ ደረስን። ሰፊው ጫማውን ገለባብጦ አየና በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና» አለ፤ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው። ከዚያ ከኋላው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጥንድ ጫማ አወጣ። እነሱ «አካላ» ይሉታል፤ እኛ አገር በረባሶ ማለት ነው። ጓደኛችን ከልጅነቱ ወዲህ በረባሶ አድርጎ አያውቅም። አደረገው፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ከዚያም ምንም ሳይናገር ፊቱ በራ። ለቀሪው ቀን ከፊታችን ሲሄድ የዋለው እሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የደረሰብን ግን የሚያስቅ አይደለም። አንድ የቧንቧ ማደያ አጠገብ ቆመን ደብተራችን ላይ መንገዱን ስንነድፍ፣ አንዲት የደቡብ ሱዳን አሮጊት የራሽን ካርዳቸውን ይዘው መጡ። ወንበር አስመጡልን። እኛ ነገሩ እስኪገባን ድረስ ከኋላቸው ስድስት ሰባት ሰው ተሰለፈ፤ ሁሉም ካርዱን ይዟል። ቆጣሪዎች መስለናቸው ነው። ራሽኑ በ2025 በእጅጉ ከተቀነሰ ወዲህ ደብተር የያዘ ሰው ሲታይ ልብ ይንጠለጠላል፤ እኛም ብንሆን ያው ነን። እንግሊዝኛ በሚችል አንድ ልጅ አስተርጓሚነት «ይቅርታ እናታችን፣ ከቢሮ የተላክን አይደለንም። መምህራን ነን፤ ለተማሪዎቻችን ካርታ እየሣልን ነው» አልን። ሰልፉ ቀስ ብሎ ተበተነ። እኛም አንገታችንን ደፍተን ልንሄድ ስንል፣ አሮጊቷ ልጁን አንድ ነገር አሉት። «እንግዲያስ ቤቴን ጻፉት ይላሉ» አለን። ጻፍነው፤ ከቧንቧው ሦስተኛው፣ ደጁ ላይ ኒም ያለበት። እንደገና ከልሰን እስክናሳያቸው ድረስ አለቀቁንም።

አንድ ደረቅ ላጋ ተሻግረን ካኩማ 4 ስንገባ ቀትር ሆኗል። ካኩማ 4 የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014፣ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሕዝቡን ካፈናቀለ በኋላ ነው። እዚያ አንዲት ከዳርፉር የመጣች እናት ቡና ታፈላለች። ምን ያህል እንደተገረምን ልንገራችሁ? የቡና ማፍያውን እነሱም ጀበና ነው የሚሉት! ቡናው ዝንጅብል በዝቶበት ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ቢሆንም ሦስት ሦስት ስኒ ጠጣን። «ቡና ያለ ቁርስ» ብለን ዳቧችንን ስናወጣ እሷም ኦቾሎኒ ጨመረችልን። ቋንቋ አልነበረንም፤ «ቡና» እና «ጀበና» በቁን።

ፊት ለፊታችን ጎረምሶች ባዶ እግራቸውን ይሯሯጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከአሥሩ ስፖርተኞች አምስቱ ከዚሁ ከካኩማ የተነሡ ሯጮች ነበሩ። ይህንን ለተማሪዎቻችን በተደጋጋሚ ነግረናቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ሜዳና አቧራ በዓይናችን ስናይ ግን ወሬነቱ ቀርቶ እውነት ሆነልን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመመለስ ላጋው ዳር ስንደርስ፣ አንድ ቱርካና ሽማግሌ በትንሿ የእንጨት በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጁን አነሣብን፤ ቁሙ ማለቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አሸዋው የደረቀ ነው። «ምን ሆኖ ነው?» ስንባባል ከላይ በኩል የጭነት መኪና የመሰለ ድምፅ መጣ። ከዚያ ቡናማ ውኃ ቅርንጫፍና ጀሪካን እየገፋ ከተፍ አለ። ዝናቡ የዘነበው ሩቅ ተራራ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ጠብታ የለም። ሽማግሌው ባያስቆመን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው በጻፈው፣ ያውም ስለ እኛ። ላጋ በየክረምቱ ሰው ይወስዳልና።

አራት ሰዓት ሙሉ እዚያው ታገትን። የስልካችን ባትሪ አለቀ። ቤት ሰው ይጨነቃል። ሽማግሌው «ኤጆክ» ከሚለው ሰላምታ በቀር የምንግባባበት ቃል አልነበረንም፤ የተረፈችውን ዳቦ ግን አብረን በላን። ፀሐይዋ ስትጠልቅ አቧራው ወርቅ መሰለ። ይህንንም ያህል ዓመት የካኩማን አቧራ ስንረግም ኖረን፣ ሲያምር ያየነው ያን ለታ ነው። ውኃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ሽማግሌው አስቀድሞ ገባና በበትሩ እየለካ አሻገረን። ቤት የደረስነው በሦስት ሰዓት ነው፤ የደረሰብንን ቁጣ አንዘረዝረውም።

በማግስቱ እሑድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ልጆቹ እያዘዙን ሣልን። ጫማ ሰፊው ገባ፤ ጀበናው ገባ፤ ላጋው በሰማያዊ እርሳስ ገባ። የአሮጊቷን ቤት ኒሙን ጨምረን አስቀመጥን። ያቺ ልጅ ጠጋ ብላ አየችና፣ «ቲቸር፣ እዚህ ያሉት እማማ ስማቸው ማነው?» አለችን።

አልጠየቅናቸውም ነበር። ቤታቸውን ሁለት ጊዜ ስንከልስ ስማቸውን ረሳን።

ውድ አንባብያን፣ የካኩማና የካሎቤዬ ሕዝብ ባንድ ላይ ወደ 300,000 ይጠጋል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተውን ካሎቤዬን ካርታችን ገና አልነካውም፤ የወረቀቱ ጥግ ባዶ ነው። እሱም ይደርሳል። በሚመጣው ቅዳሜ ግን መጀመሪያ ወደ ካኩማ 3 ነው የምንሄደው፤ ስም ለመጠየቅ። ልጅቷም እናቷን አስፈቅዳ አብራን ትመጣለች። መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ በጠዋት በአንድ ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንገናኝ። የጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው እንግዲህ፤ በኋላ ከምሳ በኋላ መስሎን ነበር እንዳትሉን!