የትኛው ገጽ?

"ምን ላንብብ?" የሚል መልእክት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። የሥነ ጽሑፍ ምሁር ስለሆንኩ አይደለም። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የምጠየቀው አንድ መጽሐፍ በጨረስኩ ቁጥር ስላነበብኩት አንድ ገጽ ተኩል ያህል ጽፌ ለጓደኞቼ ስለምልክ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ለጓደኞቻቸው ይልኩታል።

ነገሩ የጀመረው በዕቁብ ነው። አዎ፣ የመጽሐፍ ዕቁብ። ስምንት ነን፤ ከዩኒቨርሲቲ አብረን የወጣንና ሥራ ቦታ የተዋወቅን። በየወሩ እናዋጣለን፤ ዕጣ የወጣለት በብሩ መጻሕፍት ይገዛል፤ አንብቦ ሲጨርስ ለሌሎቻችን ያዞራል። ግዴታው አንድ ነው፦ መጽሐፉን ስታዞር ይነበባል ወይስ አይነበብም፣ ለማንስ ይሆናል የሚለውን ጽፈህ ነው። ሌሎቹ ሦስት መስመር ጽፈው ይገላገላሉ። እኔ ግን እየጣመኝ ሄደና ሦስቱ መስመር ሠላሳ ሆነ።

ግምገማ ለማን እንደሚጻፍ ያስተማረኝ ይሄ ዕቁብ ነው። የምጽፈው ለደራሲው አይደለም፤ ደራሲውን ለማስደሰትም ለማስቀየምም አይደለም። የምጽፈው ከእኔ ቀጥሎ ያንን መጽሐፍ ለሚይዘው ሰው ነው። የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ከደመወዙ ቀንሶ አንድ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው፣ መጽሐፉ ካሳዘነው የሚያጣው ብሩን ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስቴ ከተታለለ "የአማርኛ መጽሐፍ በቃኝ" ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ብለው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ።

መጽሐፍ የምገዛው ባብዛኛው ከመንገድ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ለገሃር፣ አራት ኪሎ፣ ክንዳቸው ላይ ከወገብ እስከ አገጭ መጽሐፍ ደርድረው የሚዞሩ ልጆች አሉ። ምን እንደሚሸጥ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ምን ጥሩ እንደሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። "ይሄን ውሰጂው፣ እያለቀ ነው" ይሉኛል። ሁሌም እያለቀ ነው።

የጀርባ ሽፋኑን አላነብም። እዚያ ላይ አስተያየት የሚሰጠው ሰው ደራሲው ራሱ የመረጠው ሰው ነው፤ ወዳጅን ደግሞ ማን ያማል? የመጀመሪያውንም ገጽ ብዙ አላምነውም፤ ደራሲው አሥር ጊዜ ያሻሸው ገጽ ነው። እኔ የምከፍተው መሀሉን ነው። ገጽ 120 አካባቢ ደራሲው ደክሞታል፣ የሚያየው ያለም አይመስለውም። እውነተኛ አጻጻፉ ያለው እዚያ ነው።

እዚያ ሁለት ገጽ ቆሜ አነባለሁ። መጀመሪያ የማየው ንግግሩን ነው። የጎጃም ባላገሯ አያትና የቦሌው ተማሪ በአንድ አፍ የሚናገሩ ከሆነ ደራሲው ሰው አልሰማም ማለት ነው። ቀጥሎ ተራኪው ምን እንዲሰማኝ እያዘዘኝ እንደሆነ አያለሁ። "እጅግ አሳዛኝ በሆነ ሁኔታ" የሚል ሐረግ ካገኘሁ፣ ሐዘኑን ማሳየት አቅቶት በቃል ሊከፍለኝ ነው እላለሁ። ከዚያ የሕትመት መረጃው ያለበትን ገጽ እገልጣለሁ፦ ስንተኛ እትም ነው? ትርጉም ከሆነ ከየትኛው ቋንቋ ነው የተተረጎመው? የዋናው መጽሐፍ ርእስ ተጽፏል? የራሺያ ልብ ወለድ ሆኖ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመጣ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ዞሮ መምጣቱ ነውር አይደለም፤ አለመነገሩ ነው ነውሩ።

የፊደል ግድፈትን ግን መጽሐፍ አልጥልበትም። እኛ አገር አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ኪስ ነው። የወረቀትና የማተሚያ ቤት ወጪ ሲንር መጀመሪያ የሚቀነሰው የአርታኢ ክፍያ ነው። ስለዚህ ግድፈት በበዛበት መጽሐፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አልፋለሁ። አርታኢ ያላገኘ መጽሐፍና ልብ የሌለው መጽሐፍ አንድ አይደሉም።

ሌላው ልማዴ ከአራት መጻሕፍት አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ ትርጉም፣ አንዱ ደግሞ ግለ ታሪክ ወይም ታሪክ እንዲሆን ማድረግ ነው። ወሬ ያለው አዲሱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ካልተጠነቀቅኩ ዓመቱን ሙሉ አዲስ ብቻ ሳነብ እከርማለሁ።

አሮጌዎቹ ደግሞ ሌላ ዓይነት ግምገማ ይፈልጋሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ውሰዱ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ወይ ቤተሰቦቹ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲሰሙት ሰምቷል፣ ወይ ሲወራ ለምዶታል። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ፍለጋ ይከፍተዋል። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ወጣቱ "ፍቅሩ መቼ ነው የሚመጣው?" እያለ ጥቂት ሄዶ ያስቀምጠዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ መጽሐፉ ታላቅ ነው ማለት ምንም አይጠቅመውም፤ ታላቅነቱን ሲነገረው ነው ያደገው። የሚጠቅመው "የቦጋለና የውድነሽ ጋብቻ መግቢያ እንዳይመስልህ፣ እሱም ራሱን የቻለ የፍቅር ታሪክ ነው፤ በሱ በኩል ግባ" መባል ነው። እንዲህ ያልኳት አንዲት የዕቁባችን አባል መጽሐፉን በሁለት ሳምንት ጨረሰችው። አሁን ስለ ጉዱ ካሳ ካልተከራከርኩ ትለኛለች።

የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" ችግሩ ተቃራኒ ነው። በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ይሄ ታሪክ በጣም ከባድ ስለሆነ መጽሐፉን ውጦታል። ስለ "ኦሮማይ" አውሩኝ ብትሉ ከአሥር ዘጠኙ የሚያወራችሁ ስለ ደራሲው ነው። እኔ ስጽፍ የደራሲውን ዕጣ በአንድ አንቀጽ ዘግቼ ወደ ገጾቹ ሄድኩ፦ የጋዜጠኛ ዓይን፣ አጫጭር ምልልሶች፣ አስመራ ውስጥ ዘመቻና ፍቅር እኩል ሲጣደፉ። በዓሉ የሞተለት መጽሐፍ ነው ብሎ ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

አንብቤ እንደጨረስኩ ወዲያው አልጽፍም። ሦስት ቀን አቆየዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሳላስበው የሚመጣብኝ ነገር መጽሐፉ የተወልኝ ነው፤ ሌላው አረፋ ነው። ከዚያ መጀመሪያ መጽሐፉ ምን ለማድረግ እንደሞከረ እጽፋለሁ። የመርማሪ ታሪክን "ጥልቅ ፍልስፍና የለውም" ብሎ መውቀስ የሽሮ ቤትን ክትፎ የለውም ብሎ እንደመክሰስ ነው። ቀጥሎ የት እንደተሳካለትና የት እንዳልተሳካለት እጽፋለሁ፣ ከነገጽ ቁጥሩ። መጨረሻ ላይ ለማን እንደሚሆን። ኮከብ አልሰጥም። ሦስት ኮከብ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም።

የገጽ ቁጥሩ ከሥራዬ የመጣ ልማድ ነው። ቢሮ አንዳችን የጻፍነውን ኮድ ሌላው ሳያየው አያልፍም። "ኮድሽ ደካማ ነው" ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ማንንም አይረዳም። "መስመር 212 ላይ ተጠቃሚው ስሙን ባዶ ቢተወው ይሰበራል" ካላችሁኝ ግን አልቀየምም፤ ሄጄ አየዋለሁ። ወይ ትክክል ናችሁ፣ ወይ አይደላችሁም፤ ሁለታችንም አንድ መስመር ላይ ቆመን እንነጋገራለን። ልብ ወለድ ኮድ አይደለም፣ የሚሠራና የማይሠራ ተብሎ አይለይም። ጣትን አንድ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ግን ለሁለቱም ይሠራል።

አንድ ግምገማ ከላክሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ "ፒዲኤፉ አለሽ?" የለኝም። ቢኖረኝም አልልክም። ለመቅዳት ምንም እንደማያስከፍል ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። "አንቺስ የምትጠቀሚበት ሊኑክስ ነጻ አይደለም እንዴ?" ያለኝ ልጅ አለ። ነጻ ነው፤ ሠሪዎቹ ፈቅደው ሰጥተውታል። ልዩነቱ "ፈቅደው" የምትለዋ ቃል ናት። በራሱ ብር አሳትሞ በክንዱ ተሸክሞ የሚሸጥ ደራሲ መጽሐፉ በስካነር ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ሲዞር አልፈቀደም። ብር ላጠረው መልሴ "የኔን ቅጂ ላውስህ" ነው። አንድ ቅጂ ለስምንት ሰው ሲደርስ አይቻለሁ። ከገበያ ለጠፋ አሮጌ መጽሐፍ ደግሞ ወመዘክር አለ፤ መሄድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ግን የምታውቁትን ሰው መጽሐፍ መገምገም ነው። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲመረቅ ጭብጨባ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ፎቶ አለ። የሚናገሩት ሁሉ ያመሰግናሉ። ስህተት ያወጣ ሰው ምቀኛ ይባላል። ይሄ የቆየ ባህላችን ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት አቅርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ያልሆነውን ይጥላል። "ይበል!" የሚባለው ሲገባው ነው። ምረቃ ላይ የቀረችው "ይበል" ብቻዋን ናት፤ እርማቷ ተረስታለች።

አንድ ባልደረባዬ አጎት አሏቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ባለፈው ዓመት የአጭር ልብ ወለድ መድብል አሳተሙ። ምረቃው ላይ ሄድኩ፣ ገዛሁ፣ አስፈረምኩ። አሥራ አራት ታሪኮች ናቸው። ሦስተኛው ስለ አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ የማታ ተማሪዎች ሲወጡ ያልተደመሰሰውን ጥቁር ሰሌዳ በባትሪ እያበራ ፊደል የሚለይ ሰው። ያንን ታሪክ እኔ ብጽፈው ሌላ ባልጽፍ አይቆጨኝም። ስድስተኛው ቤሩት ያለች ልጇን ስልክ ስለምትጠብቅ እናት ነው። እናትየዋ የሞተ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ ደጅ ተቀምጣ ሳለ፣ ገጽ 83 ላይ፣ ታሪኩ በራሱ ይቆማል። መጽሐፉ ግን አይቆምም፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሕገ ወጥ ስደት ምክር ይከተላል። "ገጽ 83 ላይ ታሪኩ ያልቃል፤ ገጽ 84 እና 85 መምህሩ ናቸው" ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ታሪክ ሁላችሁም አንብቡት፣ ለእሱ ሲባል መጽሐፉ ይገዛል፣ ከአሥራ አራቱ ግን አምስቱ ናቸው የቆሙት አልኩ።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጠራ።

"ልጄ፣ 'መምህሩ ናቸው' ማለት ምን ማለት ነው?"

ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ያጠራቀሙትን ብር በሙሉ መጽሐፉ ላይ እንዳወጡ ነገሩኝ። ምን ያህል እንደሆነም ነገሩኝ። ዝም ብዬ ሰማሁና "ጋሼ፣ መጽሐፉ አጠገብዎ አለ?" አልኳቸው። ሄደው አመጡት። ገጽ 83ን አብረን አነበብን።

"አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ" አሉኝ። "ሳልነግራቸው እንዴት ይገባቸዋል?"

"እኔኮ ገብቶኝ ነበር። ስልኩን ቻርጅ ስታደርግ ገብቶኝ ነበር።"

ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። የዘጉት መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"እሺ፤ ሌላስ?" አሉ። "አልቆሙም ያልሻቸው። የትኛው ገጽ?"

ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ምረቃው ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲናገር አንድም ሰው የገጽ ቁጥር እንዳልጠራ ነገሩኝ፤ ወቀሳም አልነበረበትም፣ እንዲሁ የታዘቡትን ነው። በሁሉም አልተስማማንም። ዘጠነኛው ላይ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው በሬ ሸጦ መመለስ ምን እንደሆነ አይገባውም ብለው ድርቅ አሉ፤ ዛሬም እንደደረቁ ናቸው፣ እኔም እንደዚያው። ከዕቁባችን ሰዎች ሦስቱ የየራሳቸውን ቅጂ ገዙ። ሌሎቹ የኔን ተዋሱ።

ባልደረባዬ እንደነገረኝ መምህሩ አሁን እየደጋገሙ የሚያወሩት ስለ ሁለተኛ እትም ነው። ብሩን ያገኙ አያገኙ አላውቅም። ከወጣ ግን ከአዟሪዎቹ ገዝቼ እዚያው ቆሜ ስድስተኛውን ታሪክ እገልጣለሁ፤ እናትየዋ ደጅ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ስንት ገጽ እንደቀረው ለማየት።