የሚመለስ መኪና

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ነው። ግር አይበላችሁ፤ ነገሩ በመኪና ጀምሮ ልቤ ውስጥ ስለገባ ነው ላካፍላችሁ የወደድኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጥቢያችን በደቡብ ኦሞ ለሚያገለግሉ ወንጌላውያን መኪና ለመግዛት ወሰነ። እኔ ሒሳብ ያዥ ስለነበርኩ የገዢ ኮሚቴው አባል ሆንኩ። ገንዘቡ ሦስት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነው። እንጀራ ጋግራ ከምትሸጠው ላይ በየሳምንቱ 20 ብር በፖስታ አድርጋ የምታመጣ እናት ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ ፖስታዎቿን ግን እኔ ነኝ የከፈትኳቸው። ብንሳሳት ለሌላ መኪና የሚሆን ገንዘብ ከየትም አይመጣም ነበር።

ከዚያ በፊት አንዲት መኪና ነበረችን። የፊት ጎማዎቿ ለየብቻቸው የተንጠለጠሉ፣ ስትነዳ የምትመች መኪና ነበረች። ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ጆይንት የሚሸፍነው ላስቲክ ሲቀደድ ሾፌሩ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን «የዚህ ወር በጀት አልቋል፣ ለሚቀጥለው እናየዋለን» አልኩት። የሚቀጥለው ወርም እንዲሁ አለፈ። ቅባቱ ፈሶ አሸዋ ገባበት፤ ጆይንቱ ተበላ። መኪናዋ ከዲመካ ወጣ ብሎ በሚገኝ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ቆመች። በዚያው ሳምንት የአንዱ ወንጌላዊ ልጅ በወባ ታመመች። አባቷና ጎረቤቶቻቸው እየተቀባበሉ ተሸክመዋት ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው፣ ሊነጋጋ ሲል ዋናው መንገድ ላይ ደረሱ። ልጅቷ ድናለች፤ ጌታ ይመስገን። ስልክ ተደውሎ ሲነገረኝ ግን ስለ ላስቲኩ ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ አዲሱን መኪና የምመርጠው እኔ፣ ይህ ሁሉ የሆነብኝ ሰው ነኝ። ተምሬያለሁ ትሉ ይሆናል። አልተማርኩም። ኮሚቴው ፊት የቆምኩት ለስላሳ፣ ወንበሩ የሚመች፣ ከውጭ ሲያዩትም የሚያምር መኪና ይገዛ ብዬ ነው። የሰጠሁት ምክንያት «ሽማግሌዎች ለጉብኝት ሲሄዱ ወገባቸው እንዳይጎዳ» የሚል ነበር። ያልተናገርኩትም ነበረ፦ ለሰርግና ለስብሰባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንገባበት በዓይነ ኅሊናዬ አየው ነበር።

ከኮሚቴው መካከል ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ያሳለፉ አባት ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አልተከራከሩኝም። በማግስቱ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱኝና ካርቶን አንጥፈው «ግባ ልጄ፣ ከሥር እየው» አሉኝ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። በአንደኛው ሥር የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ክንድ ተይዘዋል። በሁለተኛው ሥር፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው፣ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ ወፍራም ብረት ተጋድሟል።

«ይኼ ወጥ አክስል ነው» አሉኝ። «አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ ያዘነብልና ሌላውን ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ጉድባ ውስጥ ጎማው አየር ላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ መሬት ይነካል። ዲፈረንሻሉም ከጎማዎቹ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ጭነት ቢበዛ፣ ሞላው ቢጨመቅ፣ ከዲፈረንሻሉ ሥር ያለው ክፍተት ያው ነው። የዚያኛው ሆድ ግን ሲጨመቅ ወደ መሬት ይቀርባል። ጆይንቱን ደግሞ ተመልከት፤ በብረት ኳስ ውስጥ በቅባት ተዘግቶ ነው ያለው። እሾህና ድንጋይ የሚቀደው ላስቲክ የለውም።»

እኔም ቶሎ ብዬ «ጋሼ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላውን ወደ መሬት የሚያደርስ! ይኼ እኮ ስብከት ነው» አልኩ። ሳቁና «ቆይ እንጂ፣ ጉድለቱንም ስማ» አሉኝ። አንዱ ጎማ የመታው ድንጋይ ሌላውንም ያናውጠዋል። አክስሉ ከባድ ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ያንገጫግጫል፤ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ መሪው ያን ያህል አይረጋም። ለከተማ ከሆነ ያኛው ይሻላል። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው «ደግሞ የድሮዋ መኪና የቆመችው በአክስሏ ጥፋት አይደለም። ስላልተጠገነች ነው» አሉኝ። ያውቁ ነበር ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ እንደተኛሁ መልስ አጣሁ።

በዚያ ምሽት ለዚያ ወንጌላዊ፣ ለልጅቷ አባት፣ ደወልኩ። በመጀመሪያ ስለ ላስቲኩ ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ» አለኝ። «ምን ዓይነት መኪና ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። ለካ ከኮሚቴው ማናችንም ይህን ጠይቀነው አናውቅም! «የሚሄድ መኪና ብዙ አይተናል፤ የሚመለስ መኪና ግዙልን» አለኝ።

ፍለጋው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ወጥ የፊት አክስል ያለው መኪና እያደር እየቀነሰ መሄዱን ያወቅኩትም ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የላንድክሩዘር 100 አብዛኛው ሞዴል ወደ ተለያየው ተሸጋግሯል፤ ኒሳን ፓትሮል ከ2010 ጀምሮ፣ ላንድሮቨር ዲፌንደር ደግሞ በአዲሱ ሞዴሉ ትተውታል። ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ ግን እንደያዘው ነው፤ በ1999 የፊቱ ባሌስትራ በሞላ ሲተካ እንኳ አክስሉ አልተለወጠም። ትንሿ ሱዙኪ ጂምኒም ወጥ አክስል አላት፤ ለእኛ ጭነት ግን አትበቃም።

ያገለገለ ሃርድቶፕ አገኘን። ጋሼ ከመግዛታችን በፊት ከጎማው ጀርባ ያለውን የብረት ኳስ በጨርቅ ጠረጉት፤ ዘይት ከቅባት ጋር ተቀላቅሎ የሚፈስ ከሆነ የውስጡ ማኅተም አልቋል ማለት ነው። ጎማውን አስነስተው ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት፤ ልል ከሆነ ኩሺኔታው ተበልቷል። በመጨረሻ አስፋልት ላይ ነድተው መሪው ይርገፈገፍ እንደሆነ አዩ። ከገዛን በኋላ «የጥገና» የሚል የተለየ ሒሳብ ከፈትን። በዚያ ገንዘብ ላይ እኔ ብቻዬን «ለሚቀጥለው ወር» ማለት አልችልም፤ ሾፌሩም ይፈርማል።

ወገኖቼ፣ መኪናው ያንገጫግጫል። ባለፈው ጉብኝት ወገቤ ሁለት ቀን አሞኛል። ነገር ግን የዚያን ወንጌላዊ ቤት በር ላይ ደርሰን፣ ያቺ ልጅ ሮጣ መጥታ የፊቱን መከላከያ ይዛ ስትስቅ ሳያት፣ መኪናው ለማን እንደተገዛ ገባኝ።

ጌታችን ወደ እኛ ሲመጣ ለእርሱ የሚመቸውን መንገድ አልመረጠም። እኛ ባለንበት በኩል መጣ። እኔ ግን በእርሱ ስም የሚሰጠውን ስጦታ የምመርጠው እኔ ከተቀመጥኩበት ወንበር ተነስቼ ነበር። ምናልባት አንተም፣ አንቺም፣ ዛሬ ለሌላ ሰው የምትመርጡት ነገር ይኖር ይሆናል፤ ለወላጅ ቤት፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለአገልጋይ ዕቃ። ከመወሰናችሁ በፊት ስልክ አንሱና መንገዱን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁት። ያላስጠገናችሁት ላስቲክ ካለም በዚያው ተናዘዙ።

ጌታ ሆይ፣ የምንሰጠው ስጦታ ለተቀባዩ የሚሆን እንጂ የእኛ መታያ እንዳይሆን ልባችንን አቅና። አሜን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።