የበጅሮንዱ ቤት

ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሜለን ከተማ አቅራቢያ፣ ቮ ለ ቪኮምት የሚሉት የገጠር ግንብ አለ። በእግሬ አልረገጥሁትም፤ የማውቀው ከመጻሕፍትና ከፎቶግራፍ ነው። ሆኖም ከፈረንሳይ ግንቦች ሁሉ እርሱን መርጬ ማንበብ ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱ ውበቱ ብቻ አይደለም። ያሠራው ሰው ንጉሥ ወይም ጦረኛ መስፍን ሳይሆን የገንዘብ ሹም ነበረ፤ እኔም የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝ።

ሰውዬው ኒኮላ ፉኬ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1653 የፈረንሳይ መንግሥት የገንዘብ የበላይ ሹም ሆነ፤ በእኛ አጠራር በጅሮንድ ልንለው እንችላለን። በዚያ ዘመን ዘውዱ ዕዳውን ባለመክፈሉ ስሙ ጠፍቶ ነበርና ለንጉሡ በእምነት የሚያበድር አልተገኘም። ፉኬን ግን ያምኑታል። በራሱ ስምና በራሱ ዋስትና ይበደራል፤ የተበደረውን ለንጉሡ ያበድራል፤ ከመንግሥት ገቢ ደግሞ መልሶ ይወስዳል። እንግዲህ የትኛው ሳንቲም የንጉሡ፣ የትኛው የፉኬ እንደሆነ ማን ይለየው? እኛ ዘንድ ገንዘብ ከፋይ የግል ቦርሳውን ከመሳቢያው አጠገብ እንኳ አያስቀምጥም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ቢጎድል ብቻ ሳይሆን ቢተርፍም ጭንቅ ነው። ፉኬ ሁለቱን ቦርሳዎች አንድ ላይ አስሮ ከመካከላቸው ቤት አወጣ።

ግን እንዴት ያለ ቤት! ንድፉን ሉዊ ለቮ፣ ሥዕልና ጌጡን ሻርል ለብረን፣ አትክልቱን አንድሬ ለኖትር ሠሩት፤ ሦስቱም እንደ አንድ ሰው አስበዋል። ግንቡ በውኃ በተከበበ መደብ ላይ ቆሟል፤ ውኃው ግን ጠላት ለመከልከል ሳይሆን ለውበት ነው። ከፊት ለፊት የቆመ ሰው በመግቢያውና በሞላላው ሳሎን በኩል አሳልፎ በስተኋላ ያለውን አትክልት ያያል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የለኖትር ተንኮል ነው። ከቤቱ ደረጃ ላይ ሆነው ሲመለከቱት አትክልቱ ባንድ ዓይን የሚጠቃለል ይመስላል፤ የሩቆቹ ኩሬዎች ከቅርቦቹ ሰፍተው ስለተሠሩ ርቀቱ ይደበቃል። ቁልቁል ሲሄዱበት ግን መንገዱ እየረዘመ ይመጣል። የቀረቡ የመሰሉት የድንጋይ ዋሻዎች ጋ ደረስሁ ሲሉ፣ ከቤቱ ፈጽሞ የማይታይ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቦይ በመካከል ተጋድሞ ይገኛል። ብድር ወስዶ የሚያውቅ ሰው ይህን አትክልት ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1661 ፉኬ ወጣቱን ሉዊ 14ኛን ጋበዘ። ሞሊየር አዲስ ኮሜዲ አሳየ፤ ርችት ተተኮሰ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 5፣ ንጉሡ 23 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ፉኬ ናንት ላይ ተያዘ። የያዘው ዳርታኛን ነው፤ አዎ፣ ዱማ በልብ ወለዱ ያገነነው ዳርታኛን። ብዙ ጊዜ የሚወራው ንጉሡ በግብዣው ቀና ተብሎ ነው። ይህ ወሬ አይጥመኝም። ሹሙን የመጣሉ ነገር ከግብዣው በፊት የተመከረበት ነበር። ዋነኛ ባላጋራው ኮልቤርም ቀደም ሲል የካርዲናል ማዛሪንን ሀብት ያስተዳድር የነበረ ነው። ማዛሪን በዚያው ዓመት ሲሞት በአገሩ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሀብት ትቷል። ፉኬ ንጹሕ ነበር አልልም፤ ነገር ግን የብዙዎች እጅ ከገባበት ካዝና የአንዱ ጣት ተለይቶ ተቆጠረ።

ችሎቱ ሦስት ዓመት ወሰደ። ዳኞቹ በ1664 ከአገር ይባረር ብለው ፈረዱ፤ ንጉሡ ፍርዱን አክብዶ የዕድሜ ልክ እስራት አደረገው። በ1680 በፒኞሮል ምሽግ ሞተ። ንጉሡም የብርቱካን ዛፎቹን፣ ሐውልቶቹንና ሥዕል የተሸመነባቸውን የግድግዳ ጨርቆች ወሰደ፤ ሦስቱን ባለሙያዎችም ወስዶ ለቬርሳይ አሠራቸው። በበጅሮንዱ ዘንድ ወንጀል የተባለው በንጉሡ ዘንድ ክብር ሆነ።

ቤቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ1875 አልፍሬድ ሶሚዬ የተባለ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት በጨረታ ገዝቶ አደሰው። ከ1968 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው።

በውስጤ ያለው የባንክ ሠራተኛ ይህ ቤት መሠራት አልነበረበትም ይላል። ግጥም የሚሞክረው ሰው መልስ አይሰጠውም፤ ፎቶግራፉን ብቻ ያያል። በሞላላው ሳሎን ዙሪያ አሥራ ሁለቱን ወራትና አራቱን ወቅቶች የሚወክሉ 16 ምስሎች አሉ። ከበላያቸው፣ በጉልላቱ ላይ፣ ለብረን የፀሐይን ቤተ መንግሥት ሊሥል ንድፍ አዘጋጅቶ ነበር። ያሠራው ሰው ታሰረ፤ ሥዕሉም በወረቀት ቀረ። ምስሎቹ ግን ዛሬም እንደ ተሸካሚ ቀጥ ብለው ቆመዋል።