ቅርፊቱ ያልተነካ ክር፦ ለሕፃን የሽንት ጨርቅ መሸፈኛ የሚሆነው የትኛው ነው?

ካስኬድ ያርንስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለሹራብ ሠሪዎች ከሚያቀርባቸው ክሮች መካከል ሁለቱ በስምም በመልክም መንታ ይመስላሉ። አንዱ ካስኬድ 220 ነው፤ ሌላው ካስኬድ 220 ሱፐርዎሽ። ሁለቱም በ100 ግራም ጥቅል ይሸጣሉ፣ ርዝመታቸው 200 ሜትር ገደማ ነው፣ ከበግ ጸጉር በቀር ሌላ ነገር የለባቸውም። ሱፐርዎሹ በማሽን ቢታጠብ አይጨማተርም። ስለዚህ ለሕፃን የሚሆን ክር የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው እሱ ነው። ለኮፍያና ለሹራብ ምርጫው ጥሩ ነው። ልጇን በጨርቅ ዳይፐር የምታሳድግ እናት ግን ከላይ የሚጠለቀውን መሸፈኛ በእጇ ልትሠራ ከሆነ ማንሳት ያለባት ሌላኛውን፣ በማሽን የማይታጠበውን ነው።

ምክንያቱ የሚገባው መሸፈኛው ምን እንደሚሠራ ሲታይ ነው። ሽንቱን የሚጠጣው ከውስጥ የሚታሰረው የጥጥ ጨርቅ ነው። መሸፈኛው ከሱ በላይ የሚለበስ አጭር ቁምጣ ሲሆን ርጥበቱ ወደ ልብሱ፣ ወደ አንሶላውና ወደ አቃፊው ጭን እንዳይዘልቅ ያግዳል። የድሮው የጎማና የፕላስቲክ ሱሪም ይህን ያህል ይሠራል፤ እንፋሎቱን ግን አያስወጣም፤ ሙቀቱንና ላቡን ከልጁ ቆዳ ጋር አፍኖ ያስቀረዋል። የበግ ጸጉር በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ስላለው ሁለቱንም ሥራ ይችላል። እያንዳንዱ ነጠላ ጸጉር እንደ ጣራ ክዳን በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ በቅርፊቶቹ ላይ ደግሞ ስብ ያለበት እጅግ ስስ ሽፋን አለ። የውሃ ጠብታ እዚያ ላይ ሲያርፍ ይንከባለላል እንጂ ቶሎ አይሰርግም። የጸጉሩ ውስጥ ግን ርጥበት ወዳድ ነው። ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚሆን እንፋሎት ጠጥቶ እንኳ ሲዳሰስ ርጥብ አይመስልም። የአየሩ ርጥበት 65 በመቶ በሆነበት ክፍል ውስጥ የበግ ጸጉር ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል ርጥበት ይይዛል። ጥጥ የዚህን ግማሽ ያህል ነው የሚይዘው፤ አክሪሊክ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በአሜሪካና በእንግሊዝ እናቶችና አያቶች መሸፈኛውን ከሱፍ ክር ሲሠሩ ኖረዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ እርሻዎች ስትይዝ ጎማ ብርቅ ሆነ፤ በዚያ ዘመን የሕፃናት ሹራብ አሠራር መጻሕፍት ውስጥም የሱፍ መሸፈኛ ቦታ ነበረው። በ1946 ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች አሜሪካዊት እናት ከመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ቆርጣ ውሃ የማያስገባ መሸፈኛ ሰፋች፤ ከ3 ዓመት በኋላ ሥራዋ ኒውዮርክ ውስጥ ሳክስ ፊፍዝ አቬኑ በተባለው መደብር ለሽያጭ በቃ። በ1961 ፓምፐርስ ገበያ ገባ፤ የጨርቁ ዘመንም እየደበዘዘ ሄደ። ዛሬ ወደ ጨርቅ የተመለሱ ወላጆች ከፕላስቲኩ ይልቅ ሱፉን መፈለጋቸው ለናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ የሚያድር ልጅ ቆዳ አየር ማግኘት አለበት።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰውም ቢሆን የበግ ጸጉር ከውርጭና ከካፊያ ምን ያህል እንደሚያድን በበርኖሱ ያውቀዋል። የመንዝ በግ ጸጉር ግን ሻካራ ነው። በርኖስና ባና ይወጣዋል፤ ለሕፃን ጭን አይሆንም።

ሻካራነት ደግሞ በልኬት የሚታወቅ ነገር ነው። የጸጉር ውፍረት የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ከ30 ማይክሮን የሚወፍር የጸጉር ጫፍ ቆዳን ሲነካ ሳይታጠፍ ይቆማል፤ ይወጋል። በአንድ ክር ውስጥ እንዲህ ያሉ ወፍራም ጸጉሮች ከመቶ 5 ያህል ሲደርሱ ልብሱ መኮስኮስ ይጀምራል። ለዚህ ነው ብዙዎች በቀጥታ ወደ ሜሪኖ የሚሄዱት። የሜሪኖ ጸጉር አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ ሲዳሰስ ልብ ይወስዳል። ነገር ግን መሸፈኛ አንገት ላይ እንደሚጠመጠም ሻርፕ አይደለም። ልጁ ይቀመጥበታል፣ ይንፏቀቅበታል፣ ሲድህ ጭንና ጭኑ ይፋተግበታል። በአንድ ፈትል ብቻ የቀረ ለስላሳ ሜሪኖ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትንንሽ እንክብል ያወጣል፤ መቀመጫው ላይ ይሳሳል። ሜሪኖ የምትመርጥ እናት ቢያንስ ሦስት ፈትል አንድ ላይ የተገመደበትን ትፈልግ።

ከሁሉ የሚሻለው መካከለኛው ነው። ኮሪዴል የሚባለው የበግ ዝርያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኒውዚላንድ ሜሪኖን ከሊንከን በማዳቀል የተገኘ ነው፤ ጸጉሩ ከ25 እስከ 31 ማይክሮን ይሆናል። የፔሩ ደጋ በጎች ደግሞ የኮሪዴልና የሜሪኖ ደም አላቸው፤ ካስኬድ 220ም የተፈተለው ከእነሱ ጸጉር ነው። ክሩ እንደ ሜሪኖ አይለሰልስም፤ መሸፈኛው ግን በአብዛኛው የሚያርፈው ከውስጥ ባለው ጥጥ ላይ ስለሆነ ልጁን በቀጥታ የሚነካው ወገቡና የእግሩ ዙሪያ ብቻ ነው። በክንድ ውስጠኛ በኩል ወይም በአንገት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ክሩን አስቀምጦ መሞከር በቂ ነው። አዋቂውን ካላሳከከው ብዙውን ጊዜ ይሆናል።

ወደ ሱፐርዎሹ እንመለስ። በዚህ ሥራ ብዙውን ጊዜ ጸጉሩ መጀመሪያ በክሎሪን ይታከምና የቅርፊቶቹ ጠርዝ ይበላል፤ ከዚያ የቀረው በስስ የፖሊመር ሽፋን ይቀባል። ቅርፊቶቹ እርስ በርስ መያያዝ ስለማይችሉ ልብሱ በማሽን ውስጥ አይጨማተርም። ነገር ግን በክሎሪኑ አብሮ የሚሄደው ያ ውሃ ገፊ ስብ ነው። እንዲህ ያለው ክር ውሃ ቶሎ ይጠጣል፣ ሲርስ ይለጠጣል፣ ቅባትም እንደ ሌላው አይዝም። ሱፐርዎሽ ተጠቅመው የተሳካላቸው እናቶች አሉ፤ ሆኖም ሌሊት ሊያድር የሚገባውን መሸፈኛ በዚህ ክር መሥራት ትርፉ ድካም ነው።

መለያ ወረቀቱ የጠፋ ክር ካለ በእጅ መለየት ይቻላል። ሁለት ጫፎችን ፈታ ፈታ ማድረግ፣ አንዱን በሌላው ላይ ማጋደም፣ በምራቅ ወይም በለብታ ውሃ ማርጠብና በሁለት መዳፍ መካከል ሙቀት እስኪሰማ ማሸት። ያልታከመ የበግ ጸጉር ከሆነ ጫፎቹ ተጣብቀው አንድ ክር ይሆናሉ፤ ሲጎተቱም ይይዛሉ። ሱፐርዎሽ ከሆነ ተንሸራተው ይለያያሉ። ጨርሶ ሱፍ መሆኑ ካጠራጠረ ደግሞ ቁራጯን በወረንጦ ይዞ ክብሪት መለኮስ ነው። የበግ ጸጉር እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። አክሪሊክን «ሱፍ» ብሎ የሚሸጥ ሱቅ ስለማይጠፋ ይህ ፍተሻ ገንዘብ ያድናል።

ክሩ ተገኝቶም ሥራው ላላ ካለ ዋጋ የለውም። በመለያ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የመርፌ ቁጥር ለሹራብ የታሰበ ነው። መሸፈኛ ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር በሚያንስ መርፌ፣ ጠበቅ ተደርጎ ይሠራል። ወደ ብርሃን ሲያዙት በዐይኖቹ መካከል ቀዳዳ መታየት የለበትም።

ፋብሪካ ክሩን ከመፍተሉ በፊት ጸጉሩን ስለሚያጥበው የበጉ ቅባት፣ ላኖሊን የሚባለው፣ አብዛኛው ወጥቷል። ስለዚህ ይመለስለታል። ለሚያጠቡ እናቶች የጡት ጫፍ ቁስል በፋርማሲ የሚሸጠው ንጹሕ ላኖሊን ለዚህም ያገለግላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በፈላ ውሃ ውስጥ ከጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ጋር ሲመታ ውሃው ወተት ይመስላል። ሻምፖው ከሌለ ቅባቱ ከላይ ተንሳፍፎ ጨርቁን ያዥጎረጉረዋል። ውሃው ለብ እስኪል ተጠብቆ መሸፈኛው ይነከራል፣ ያድራል፣ ከዚያ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቅና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ በጥላ ይደርቃል። ሰገራ ካልነካው በየቀኑ አይታጠብም። ሽንት ብቻ የነካው መሸፈኛ ነፋስ ላይ ሲሰጣ ሽታው ይለቀዋል፤ ደርቆም ሽታው ካልለቀቀ የመታጠቢያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። በረኪና ግን አይነካውም፤ የበግ ጸጉር ፕሮቲን ስለሆነ በረኪና ውስጥ ይሟሟል።

ይህ ሁሉ በእጅ የሚሠራ ነው። ማለዳ ወጥታ ማታ የምትገባ እናት በማሽን የሚታጠበውን ሰው ሠራሽ መሸፈኛ ብትመርጥ ማንም ሊወቅሳት አይገባም፤ ለሌሊቱ ብቻ አንድ የሱፍ ብታዘጋጅም ልጁ ይጠቀማል። ለመጀመሪያ ሥራ ያልተቀለመ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ክር ይመረጣል። ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ለብ ባለ ርጥበት ውስጥ ቀለም ሊለቁና የውስጡን ነጭ ጥጥ ሊያበላሹ ይችላሉ። ለትንሽ ሕፃን አንድ የ100 ግራም ልቃቂት ለአንድ መሸፈኛ ይበቃል። ሦስት መሸፈኛ ካለ ቤቱ አይቸገርም፦ አንዱ ልጁ ላይ፣ አንዱ ነፋስ ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ታጥቦ በመድረቅ ላይ ይሆናል፤ ወፍራም ሱፍ ለመድረቅ ሙሉ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል።